ደርሶ መልስ

ከዚራ፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር
አንድ ኮምፒውተር አለኝ፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ የሚያቃስት ወንበር።
ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣
የሰው ስም ከነአያቱ በባዕድ ፊደል እጽፋለሁ።
ከአምስት ሰዓት በኋላ ድሬ ስትግል
ቀለሙ ወረቀቱን ሳይነካ ይደርቃል ያስብላል።

ሙሴ ጉሌድ መጣ፤
ሽርጡን በቀበቶ አጥብቆ፣ ኮት በላዩ ደርቦ፣
የልጁን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በደረት ኪሱ ሰብስቦ።
የሸሚንደፈር ጡረተኛ ነው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቲኬት የበሳ፤
ዛሬም ሲቆም እግሩን ያሰፋል፣
ፉርጎው እንዳይጥለው፣ ሚዛኑን እንዳይረሳ።

«ሂቦ ናት» አለኝ፣ «ትልቋ፣ ጄኖቫ ያለችው፤
ለእኔና ለእናቷ መርከብ ቆረጠችልን፣ ዘጠኝ ሌሊት፣ መስኮት ያለው።»
መስኮት ሲል ጣቱን አነሳ፣
አንደኛ ማዕረግን ለሦስተኛ ማዕረግ እንደሚያሳይ።

አነበብኩት። ጄኖቫ፣ ፓሌርሞ፣ ከዚያ ቱኒስ፣
ከዚያ ማልታ፣ ከዚያ ወደ ጄኖቫ መመለስ።
ቅጹ ይጠይቃል፦ ስንት ጊዜ ይገባሉ? አንዴ? ሁለቴ? ብዙ?
«አንዴ በል» አለኝ። «በዚህ ዕድሜ ምን ያበዛል?»

«አይሆንም ሙሴ» አልኩት፣ በድሬ ወግ አንተ እያልኩ፤
«መርከቡ ወደ ቱኒስ ሲቀዝፍ ካገራቸው ወጥተሃል።
ልብስህ ካቢን፣ ምሳህ ሳህን ላይ፣ ሚስትህ ከጎንህ እያለች፣
አንተ ደጅ ነህ፤ ያቺ አንዷ ማኅተምህ አልቃለች።»

«ደርሶ መልስ ነው እኮ የቆረጠችልን!»
«ቲኬቱ ደርሶ መልስ ነው። ቪዛው ደርሶ ቀር።»

ዝም አለ። ባጃጅ አለፈ። ሌላ ባጃጅ።
ወደ ደቻቱ አየ፣ ውሃ ወደሌለው ወንዝ፤
ሴቶች ከቀፊራ ሽንኩርት ተሸክመው አሸዋውን ሲያቋርጡ፣
ማንም ሳይቆጥራቸው ሲወጡ፣ ማንም ሳይቆጥራቸው ሲመጡ።

«ደወሌ ላይ አንዲት ሴት አውርጃለሁ» አለ፣ ሳልጠይቀው።
«ሌሴ ፓሴዋ ላንድ ጉዞ ነበር፤ ጅቡቲ ደርሳ መጥታበት፣
ልትደግምበት ተሳፈረች፣ ልጇ እዚያ ሆስፒታል ተኝቶባት።
ቲኬቷ ደህና ነበር፤ እዚሁ ድሬ እኔው ነኝ የበሳሁት፤
ወረቀቷን ግን ደወሌ ላይ አየሁት።
አልጮኸችም። ጀሪካኗን አወረደች፣ ተቀመጠችበት።
ባቡሩ ሲነቃነቅ እጇን አላወዛወዘችም፤
ቲኬቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ
በቀዳዳው አየችኝ።

ሕግ ነበር። ዛሬም ሕግ ነው፤ እሱን አይደለም የምልህ።
ብቻ፣ ብዙ በል። ብዙ ብለህ ጻፍልኝ፣ ባክህ።»

«ምክንያት» ይላል ቅጹ፣ ሦስት መስመር ባዶ ትቶ።
«መርከቡ ስለሚመለስ» ብዬ ጻፍኩ።
አነበበው፣ መነጽሩን አውጥቶ፤
«እኔስ?» አለ። «እኔም እንደምመለስ ጨምርበት።
ገንደቆሬ ቤት አለኝ በል፣ ቆርቆሮው ባምናው ክረምት የታደሰ፤
ሁለት ፍየል አለኝ፤ ጡረታዬ በወር በወሩ ይመጣል፣
ተሰልፎ የሚቀበለው ካልጠፋ።»
ፍየሎቹን ተውኳቸው። ቤቱን ጻፍኩ።

ከፈለኝ። ቅጹን ተቀበለ። ቆም አለ፣
እግሩን አሰፋ፣
ከኮቱ ኪስ የጥንቱን መብሻ መዘዘ፣ እጀታው የተላጠውን፣
ጠቅ!

ጥጉ ላይ ክብ ቀዳዳ።
ሁለታችንም ቀዳዳውን አየን።
«እጄ ነው» አለ፣ አንገቱን ሰብሮ።
«የተበሳ ቅጽ ኤምባሲ አይቀበልም፣ ሙሴ።»
ወደ ብርሃኑ አነሳሁት፤
በቀዳዳው የከዚራ ሰማይ ታየ፣ ምስር የምታህል።

ማተሚያው አጓርቶ ሌላ ቅጽ ተፋ።
ከስሙ ጀመርኩ፣ ከነአያቱ፣ እንደገና።
«ስንት ልጨምር?» አለኝ፣ ቦርሳውን እየከፈተ።
«ምንም። እዚህ ቤት
ለሁለተኛው መግቢያ አይከፈልም።»